የዓሣ መንገድ በምን ይታወቃል?

በምድር ላይ የሚሄድ እንስሳ ሁሉ ዱካ አለው። ሚዳቋ በጭቃ ላይ ኮቴዋን አትማ ታልፋለች፤ በነጭ ሣር ሜዳ የሚሰማራውንም የሜዳ አህያ ከኮረብታ ላይ ሆኖ የተመለከተ ሰው በቀላሉ ሊቈጥረው ይችላል። ዓሣ ግን ዱካ የለውም። ካለፈ በኋላ ውኃው ወዲያው ይገጥማል፤ ትናንት ከየት እንደ መጣ፣ ነገም ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር አንዳች ምልክት አይቀርም። የአባያን ሐይቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ይበልጥ ይረዳዋል። ወንዞች ከደጋ እየጠረጉ በሚያመጡት ደቃቅ አፈር ምክንያት ውኃው ቀይ ቡናማ ስለ ሆነ፣ እጁን እስከ ክንዱ የከተተ ሰው የገዛ ጣቶቹን ማየት ይሳነዋል።

አንባቢ ሆይ፣ «የዓሣን መንገድ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? ዓሣ ተጠምዶ ከተበላ አይበቃምን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት፣ ከዚያም በኋላ የዘመናችን ሊቃውንት ዓሣን በድምፅ የሚከታተሉበትን ጥበብ በቀላል አነጋገር ማስረዳት ነው።

ሐይቆቻችንና ዓሣዎቻቸው

አርባ ምንጭ የሁለት ሐይቆች ጎረቤት ናት። በሰሜን በኩል አባያ፣ በደቡብ በኩል ጫሞ ተዘርግተዋል፤ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ ተብሎ የሚጠራው ከፍተኛ ምድር ይገኛል። አባያ 1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ የጫሞ ስፋት ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ስፋታቸው ይህን ያህል ይሁን እንጂ ጥልቀታቸው አነስተኛ ነው፤ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ወደ አባያ ብላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላና፣ ሐሬና ሌሎችም ወንዞች ይገባሉ። ኩልፎ ደግሞ ከጋሞ ደጋ ወርዶ፣ በአርባ ምንጭ አጠገብ ካለፈ በኋላ፣ ጫሞ ይደርሳል።

በእነዚህ ሐይቆች ውስጥ ከሚኖሩት ዓሣዎች ብዙዎቹ የዓባይ ወንዝ ዓሣዎች ዘመዶች ናቸው። ሊቃውንትም ከዚህ ተነሥተው፣ በጥንት ዘመን ውኃዎቹ በቱርካና ሐይቅ በኩል ከዓባይ ጋር ይገናኙ እንደ ነበር ያስረዳሉ። ለሰው ምግብ ይልቁንም የሚጠቅሙት የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው ነጭ ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ ሌሎችን ዓሣዎች እየበላ የሚያድግ፣ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር አልፎ በአሥር በአሥር ኪሎ የሚመዘን ትልቅ ዓሣ ነው። ጫሞን በአገራችን ያስታወቀውም ይኸው ዓሣ ነው። ጫጩቶቹ ጥልቀት በሌለው በዳርቻው ውኃ ይሸሸጋሉ፤ ያደጉት ግን ወደ ሰፊው ውኃ ይወጣሉ።

ሁለተኛው ቆሮሶ ነው። የዚህ ዓሣ ወንዱ በዳርቻ አካባቢ አሸዋውን ጠርጎ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷም እንቍላሏን ከጣለች በኋላ መልሳ በአፏ ውስጥ ትይዘዋለች። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ በእናታቸው አፍ ይጠበቃሉ። ስለዚህ እንቍላል በአፏ የያዘች አንዲት ቆሮሶ በመረብ ስትያዝ፣ የምትጠፋው እርስዋ ብቻ አይደለችም።

ሦስተኛው አምባዛ ነው። አምባዛ ከውኃ በላይ ያለውን አየር መተንፈስ ስለሚችል በጭቃና በረግረግ አይቸገርም፤ ዝናም ሲጥልና ውኃው ዳርቻውን ሲያጥለቀልቅ፣ እንቍላሉን ለመጣል ወደ ሣሩ ውስጥ ይገባል።

አራተኛው በብዙ ቦታ ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ነው። ይህም ለመራባት ሲፈልግ ሐይቁን ትቶ ወደ ወንዞች ሽቅብ ይወጣል፤ ጠጠር ባለበትና ውኃው በሚፈስበት ቦታ እንቍላሉን ይጥላል።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ሐይቁ ሲያዩት አንድ ሜዳ ይመስላል እንጂ፣ ለዓሣ ግን ቤትም፣ ገበያም፣ መንገድም ያለበት አገር ነው። እያንዳንዱ ዓሣ የሚበላበት፣ የሚራባበትና የሚያልፍበት ቦታና ወራት ለየብቻው ነው።

መንገዱን ባለማወቅ የሚመጣ ጉዳት

ለዚህ ከራሳችን አገር ምሳሌ እንውሰድ። በጣና ሐይቅ ከቢልጫ ወገን የሆኑ፣ በዓለም ላይ ከዚያ ሐይቅ በቀር የትም የማይገኙ 15 ያህል የዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምት ወራት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎችም ወንዞች እየወጡ ይራባሉ። ወደ ወንዙ ከመግባታቸው በፊት በወንዙ አፍ ተሰብስበው ይቆያሉ። አሥጋሪም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን በዚያ ይዘረጋል፤ በአንድ ሌሊትም ብዙ ይይዛል። ነገር ግን የሚያዙት ገና ያልወለዱ እናቶች ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የተደረገው ምርምር፣ የእነዚህ ዓሣዎች ሀብት 75 ከመቶ ያህል መቀነሱን አስታውቋል። ከአራቱ እጅ ሦስቱ በአሥር ዓመት ውስጥ ጠፋ ማለት ነው።

በጫሞም ነጭ ዓሣ ከመጠን በላይ በመጠመዱ እየቀነሰ መምጣቱን ጥናቶችም አሥጋሪዎችም ይመሰክራሉ። ትልቁ ዓሣ ሲያልቅ ሰው ትንሹን ለመያዝ ዓይኑ የጠበበ መረብ ይጠቀማል፤ ትንሹ ሳይወልድ ሲያዝ ደግሞ ለከርሞ የሚያድግ ይጠፋል። ይህ ዘሩን ቆልቶ እንደሚበላ ገበሬ መሆን ነው።

የዓሣ ሀብት እንዲጠበቅና ከመጠን በላይ እንዳይጠመድ በአገራችን በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። ነገር ግን ሕግ ብቻውን መረብ የሚዘረጋበትን ቦታና ጊዜ አይመርጥም፤ ይህን የሚመርጥ ዕውቀት ነው። ሐይቁ በሙሉ ዓመቱን በሙሉ ቢዘጋ የአሥጋሪው ልጆች ምን ይበላሉ? የማይሆነው ቦታ ቢዘጋ ደግሞ አሥጋሪው በከንቱ ይጎዳል፣ ዓሣውም አይድንም። የዓሣው መንገድ በትክክል ቢታወቅ ግን ትንሽ ቦታን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ከልክሎ ብዙ ዓሣ ማትረፍ ይቻላል። እንግዲህ የዓሣን መንገድ ማወቅ የሚያስፈልገው ዓሣውንም አሥጋሪውንም ለማዳን ነው።

የቀድሞው ዘዴ

የዓሣን ጕዞ ለማወቅ ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምረው ሞክረዋል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፔተርሰን የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ቍጥር የተጻፈባቸውን ቁልፍ የመሰሉ ትንንሽ ክቦች በዓሣ ጀርባ ላይ በሽቦ እያሰረ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። ዓሣው በሌላ ጊዜ በአሥጋሪ እጅ ሲገባ ቍጥሩ ይነበባል፤ የተለቀቀበትና የተያዘበት ቦታም ይነጻጸራል።

ይህ ዘዴ ርካሽ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ነገር ግን ትልቅ ጉድለት አለበት። ለምሳሌ በመጋቢት ወር በኩልፎ አፍ የተለቀቀ ዓሣ በሰኔ ወር በዚያው ቦታ ቢያዝ፣ «ይህ ዓሣ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም» እንላለንን? በመካከሉ ሐይቁን ዞሮ ተመልሶ ይሆናል። ይህ ዘዴ የጕዞውን መነሻና መድረሻ ብቻ እንጂ መንገዱን አይነግረንም። ከዚህም በቀር ዓሣው አንድ ጊዜ ከተያዘ ታሪኩ እዚያው ያበቃል።

ስለ ምን ድምፅ ተመረጠ?

በውኃ ውስጥ ያለውን ነገር ለመከታተል ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይችላሉ፤ እነርሱም ብርሃን፣ ራዲዮና ድምፅ ናቸው። ብርሃን በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ወዲያው ይጠፋል፤ በአባያ ደግሞ ምንም አይረዳም። የራዲዮ ማዕበል በነፋስ ውስጥ እጅግ ሩቅ ቢሄድም ጨው ያለበት ውኃ ይውጠዋል። የአባያና የጫሞ ውኃ እንደ ባሕር ጨዋማ ባይሆንም ከወንዝ ውኃ ይልቅ ጨው ይበዛበታልና ለራዲዮ አይመችም።

ድምፅ ግን በውኃ ውስጥ ከነፋስ ይልቅ ይመቸዋል። በነፋስ ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ሲሄድ፣ በውኃ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከአራት ጊዜ በላይ ይፈጥናል ማለት ነው። የውኃው መደፍረስም ብርሃንን እንደሚያግድ ድምፅን አያግደውም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ትሬፌተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ ሳልሞን ከሚባለው ዓሣ ጋር በማያያዝ የአንድን ዓሣ ጕዞ የሚከታተልበትን ዘዴ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ሰዎች በጀልባ ሆነው ዓሣውን ከኋላ ከኋላ መከተል ነበረባቸው። ዛሬ ግን መሣሪያው ራሱ እየሰማ ይመዘግባል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ሥራው ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ ተናጋሪ ነው፣ ሌላው አድማጭ ነው።

ተናጋሪው በዓሣው ውስጥ የሚቀመጠው ድምፅ ሰጪ ምልክት ነው። መልኩ እንደ መድኃኒት እንክብል ድቡልቡል ሆኖ፣ እንደ ዓሣው መጠን ትንሽም ትልቅም ይሆናል። በውስጡ ባትሪ፣ ጥቂት የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ እንዲሁም ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚንቀጠቀጥ የሸክላ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ሲንቀጠቀጥ ድምፅ ይወጣል። በብዙ አገር የሚሠራበት ምልክት በሴኮንድ 69,000 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። የሰው ጆሮ ከ20,000 በላይ ስለማይሰማ እኛ ይህን ድምፅ ልንሰማው አንችልም፤ አብዛኞቹ ዓሣዎችም አይሰሙትም።

ምልክቱ ዝም ብሎ አይጮኽም። በድምፆቹ መካከል ያለውን ዝምታ እያስረዘመና እያሳጠረ፣ እንደ ቴሌግራም፣ የራሱን ቍጥር ያስተላልፋል። በዚህም እያንዳንዱ ዓሣ በስሙ እንደ ተጠራ ሆኖ ይለያል። ሁለት ምልክቶች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ግን አድማጩ ይደናገራል፤ ይህ እንዳይሆን እያንዳንዱ ምልክት የሚናገርበት ጊዜ እኩል እንዳይሆን ተደርጎ ይሠራል። አንድ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ ሌላ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይናገራል። አልፎ አልፎ በመናገሩም ባትሪው ይቈጠባል። ትንሹ ምልክት ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ፣ ትልቁ እስከ 10 ዓመት ሊደርስ ይችላል።

አድማጩ ደግሞ በገመድ ታስሮ፣ ከታች ድንጋይ ከላይ ተንሳፋፊ ተደርጎለት፣ በውኃ ውስጥ የሚቆም መሣሪያ ነው። በዙሪያው በጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ምልክት የያዘ ዓሣ ሲያልፍ ቍጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግባል። ተመራማሪው ከወራት በኋላ መጥቶ አድማጩን ያወጣና መዝገቡን ያነባል።

አንድ አድማጭ ዓሣው በአቅራቢያው ማለፉን ብቻ ይናገራል። ትክክለኛውን ቦታ ለማወቅ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ አድማጮች ያስፈልጋሉ። ነገሩን በሒሳብ እንየው። ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት አድማጮች አሉ እንበል። የአንድ ዓሣ ድምፅ መጀመሪያ ወደ ሀ ደረሰ፤ ከ0.2 ሴኮንድ በኋላም ወደ ለ ደረሰ። ድምፅ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ስለሚሄድ፣ 1,500 በ0.2 ሲባዛ 300 ይሆናል። ስለዚህ ዓሣው ከለ ይልቅ ለሀ በ300 ሜትር ይቀርባል ማለት ነው። ይህንኑ በሀና በሐ መካከል ብናደርግ፣ ሁለቱ ልዩነቶች የሚስማሙበት ቦታ የዓሣው ስፍራ ይሆናል። ከዚህም የአድማጮቹ ሰዓት ምን ያህል መስማማት እንዳለበት እንረዳለን፤ ሰዓታቸው በ0.1 ሴኮንድ ብቻ ቢለያይ 150 ሜትር ያሳስታልና። በክፍል ውስጥ የምንማረው ሒሳብ በሐይቅ ላይ እንደሚሠራ ይህ አንድ ማስረጃ ነው።

ምልክቱ በዓሣው ውስጥ እንዴት ይገባል?

ይህ ሥራ ከሐኪም ሥራ አይለይም። ዓሣው በጥንቃቄ ይያዛል፤ ማደንዘዣ በተጨመረበት ውኃ ውስጥም ይቀመጣል። ከደነዘዘ በኋላ ገልብጠው በእርጥብ አልጋ ላይ ያጋድሙታል፤ ሕይወቱም እንዳያልፍ በስንጥቡ ላይ ውኃ ያፈስሱለታል። ከዚያ በሆዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ምልክቱ ይገባል፤ ቍስሉም በሁለት ወይም በሦስት ስፌት ይዘጋል። ዓሣው ነቅቶ በደንብ መዋኘት ሲጀምር ወደ ተያዘበት ቦታ ይለቀቃል።

ምልክቱ ለዓሣው ሸክም እንዳይሆንበት ብዙ ተመራማሪዎች የሚከተሉት ልማድ አለ፤ ይኸውም የምልክቱ ክብደት ከዓሣው ክብደት 2 ከመቶ እንዳይበልጥ ነው። አንድ ኪሎ የሚመዝን ቆሮሶ ከ20 ግራም በላይ እንዲሸከም አይደረግም። የታመመ ወይም የተጨነቀ ዓሣ እንደ ጤነኛው አይሄድምና፣ ሸክሙ ከበዛ የሚገኘው ዕውቀት ሐሰት ይሆናል።

ከሌሎች አገሮች የምንማረው

በደቡብ አፍሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2011 ጀምሮ አድማጭ መሣሪያዎች በባሕሩ ዳርቻና ወንዞች ከባሕር በሚገናኙበት ቦታ ተተክለው የዓሣዎችን ጕዞ ይመዘግባሉ። ከዚያም በፊት በዚያው አገር ደስኪ ኮብ የሚባለውን የባሕር ዓሣ በዚህ ዘዴ ተከታትለውት ነበር። የተገኘው ነገር አስተማሪ ነው፤ የዚህ ዓሣ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜያቸውን በአንድ የወንዝ አፍ ውስጥ እንደሚያሳልፉ ታወቀ። እንግዲህ በዚያ አፍ ያሉት ወጣቶች ሁሉ ቢያዙ፣ ጎደሎውን የሚሞሉ ከጎረቤት ወንዝ ቶሎ አይመጡም። ይህን የማያውቅ ሰው ግን «ባሕር ሰፊ ነው፤ ዓሣው ከሌላ ይመጣል» እያለ ራሱን ያታልላል።

በካናዳም በሃሊፋክስ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 የተጀመረ ትልቅ ድርጅት አለ፤ ሥራውም በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙት አድማጮች የሰሙትን በአንድነት ማሰባሰብ ነው። ዓሣ የአገር ወሰን አያውቅምና አንዱ አገር የለቀቀውን ሌላው አገር ሊሰማው ይችላል።

በአባያና በጫሞ ቢሠራበት

ይህ ነገር ለእኛም ይጠቅማል። የአባያ ዳርቻ የጋሞ ብቻ አይደለም፤ ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሌላ የኦሮሚያ ክልልም ይካፈለዋል። በአንዱ ዳርቻ የሚራባ ዓሣ በሌላው ዳርቻ የሚጠመድ ከሆነ፣ አንዱ ወገን ብቻውን ቢጠነቀቅ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። አድማጮች በሐሬ አፍ፣ በብላቴ አፍና በጊዲቾ ደሴት ዙሪያ፣ በጫሞም በኩልፎ አፍ ቢቆሙ፣ ዓሣው በየትኛው ወር ወደ የትኛው ወንዝ እንደሚቀርብ ይናገራሉ። በአርባ ምንጭ አካባቢ ዝናሙ በሚያዝያና በግንቦት፣ ደግሞም በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል፤ የጣናን የክረምት ወራት እንዳለ ወስደን ለእኛ ሐይቆች ሕግ ብናደርገው ልንሳሳት እንችላለን። እያንዳንዱ ሐይቅ በራሱ መጠናት ያለበት ስለዚህ ነው።

ችግሮችም አሉ። ነፋስ ሲነሣና ማዕበል ሲበረታ በውኃው ውስጥ የሚፈጠረው የአየር አረፋ ድምፁን ስለሚሰብረው አድማጩ የሚሰማበት ርቀት ያጥራል። ገመዱን ጉማሬ ሊበጥሰው፣ መረብም ሊጎትተው ይችላል። በአዞ ገበያ አካባቢ ደግሞ ምልክት የያዘውን ዓሣ አዞ ቢውጠው፣ አድማጩ የሚሰማው የአዞውን ጕዞ ይሆናል። ለዚህ መላ ተገኝቷል፤ በሌላ እንስሳ ሆድ ውስጥ ሲገባ የሚናገረውን ቍጥር የሚለውጥ ምልክት ተሠርቷል። ከሁሉ የሚከብደው ዋጋው ነው፤ አንዱ ምልክት በመቶ የሚቈጠር ዶላር ያወጣል።

ስለዚህ የአሥጋሪው እርዳታ ያስፈልጋል። ምልክት ያለበትን ዓሣ የያዘ አሥጋሪ ምልክቱን ቢመልስ፣ ቦታውንና ቀኑንም ቢናገር፣ ለጥናቱ ትልቅ ውለታ ነው። ከዚህም በላይ አድማጩ የት መቆም እንዳለበት አስቀድሞ የሚያመለክት ያው በሐይቁ ላይ ያረጀ ሰው ነው። የሳይንስ መሣሪያ የአባቶችን ዕውቀት ይመረምራል፣ ያጠነክራል፣ አንዳንድ ጊዜም ያርማል እንጂ አይንቅም።

መሣሪያው የማይችለውንም ማወቅ ይገባል። በሐይቁ ውስጥ ስንት ዓሣ እንዳለ አይቈጥርም፤ የመረብንም ዓይን አያሰፋም። መንገዱን ያሳየናል፤ በታወቀው መንገድ ላይ መረብ አለመዘርጋት ግን የሰው ፈንታ ነው።

የእኛ የተማሪዎች ድርሻ

በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተውና በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በደጃችን ነው። ከእኛ መካከል ነገ በዚያ ገብተው የውኃንና የዓሣን ነገር የሚማሩ ይኖራሉ። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ውድ መሣሪያ ሳይኖረን አንድ የሜትር ገመድ፣ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይዘን፣ ዓሣ ወደሚራገፍበት ዳርቻ በሳምንት አንድ ቀን ብንሄድ ብዙ ነገር እንማራለን። የዓሣውን ዓይነት፣ ርዝመቱን፣ የተያዘበትን ቦታና ቀን፣ በሆዱም እንቍላል መኖሩንና አለመኖሩን ብንጽፍ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ እንቍላሉ በየትኛው ወር እንደሚበዛ ከገዛ ደብተራችን እናነባለን። ርዝመቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ የሚሄድ ከሆነም፣ ዓሣው ለማደግ ጊዜ እያጣ እንደ ሆነ ይነግረናል።

ሐይቆቻችን ከአባቶቻችን የተቀበልናቸው ብቻ አይደሉም፤ ለታናናሾቻችንም የምናስረክባቸው ናቸው። ዓሣው ዱካ ባይኖረውም መንገድ አለው፤ መንገዱንም አውቀን ብንጠብቅለት፣ የጋሞ ልጆች ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በኋላም ከጫሞ ነጭ ዓሣ ያገኛሉ።